ኤልዲኤል 119፣ ትራይግሊሰራይድ 260፦ ይህን የባለቤቴን ውጤት አብራችሁ አንብቡልኝ

የእሪ በከንቱ ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ። ባለቤቴ 47 ዓመቱ ነው። ለገሃር አካባቢ ቢሮ ነው የሚሠራው፣ ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ ነው የሚውለው። ሲጋራ አያጨስም። ቦርጭ አለው። አባቱ በ52 ዓመታቸው ድንገት ነው ያረፉት፣ «ልባቸው ቀጥ አለ» ነው የተባለው። ሰሞኑን ለምኜ ለምኜ አስመረመርኩት። ውጤቱ ይኸው፦

ጠቅላላ ኮሌስትሮል 205
ኤችዲኤል («ጥሩው ኮሌስትሮል» የሚሉት) 34
ትራይግሊሰራይድ 260
ኤልዲኤል 119
የጾም ስኳር 112
ደም ግፊት 138/88

ያየው ባለሙያ «ኮሌስትሮሉ ትንሽ ነው ከፍ ያለው፣ ኤልዲኤሉ ደህና ነው፣ ቅባት ይቀንስ» ብሎ ሸኘን። እሱ ደስ ብሎት ወጣ። እኔን ግን የአባቱ ነገር እንቅልፍ ነሳኝ። ሳነብ ደግሞ «ዋናው የኮሌስትሮሉ መጠን አይደለም፣ የሚሸከሙት ቅንጣቶች ብዛት ነው» የሚል አገኘሁ። ምን ማለት ነው? እውነት ከሆነስ ከዚህ ወረቀት ላይ ማወቅ ይቻላል?

ሰባራ ባቡር

እህቴ አይዞሽ። ነጭ ሽንኩርትና ሎሚ ፈጭቶ ጠዋት ጠዋት በባዶ ሆድ ይጠጣ። የኛ ሰፈር ሰው ሁሉ የሚጠጣው እሱን ነው።

ላቦራቶሪስቷ

እኔ የሕክምና ላቦራቶሪ ባለሙያ ነኝ። እንዲህ ያለ ወረቀት በየቀኑ ነው የማወጣው። ስለዚህ ከወረቀቱ ልጀምር።

ኤልዲኤል የሚለውን፣ «መጥፎው ኮሌስትሮል» የሚባለውን ቁጥር፣ ብዙ ጊዜ ማሽን አይለካውም። ተሰልቶ ነው የሚጻፈው። ከጠቅላላው ላይ ኤችዲኤል ይቀነሳል። ከዚያ የትራይግሊሰራይድ፣ ማለትም ደም ውስጥ ያለው ሌላው ቅባት፣ አንድ አምስተኛ ይቀነሳል። የተረፈው ኤልዲኤል ይባላል። በ1972 እ.ኤ.አ. የወጣ የፍሪድዋልድ ቀመር ነው። በባለቤትሽ ውጤት ሞክሪው። 205 ሲቀነስ 34፣ ሲቀነስ 52፣ ይሆናል 119። ወረቀቱ ላይ ያለው ራሱ ነው። ስለዚህ የእሱም የተሰላ ነው።

ይህ ቀመር ትራይግሊሰራይድ ዝቅ ያለ ሰው ላይ ጥሩ ይሠራል። ትራይግሊሰራይዱ ከፍ እያለ ሲሄድ ግን መሳት ይጀምራል። ብዙ ጊዜም ኤልዲኤልን ዝቅ አድርጎ ነው የሚያሳየው። ከ400 ካለፈ ጭራሽ አንጠቀምበትም። የባለቤትሽ 260 ነው። ስለዚህ 119ኙን እንዳለ አምኖ መቀመጥ አይገባም።

አሁን ሌላ ስሌት ሥሪ፣ ይኼኛው በጣም ቀላል ነው። 205 ሲቀነስ 34። 171። ይህ ቁጥር ኖን-ኤችዲኤል ይባላል። ከኤችዲኤል ውጭ ያለ ኮሌስትሮል በሙሉ ማለት ነው። የደም ቧንቧ ግድግዳ ውስጥ ሊገቡ የሚችሉት ቅንጣቶች ሁሉ የተሸከሙት እዚህ ውስጥ ነው ያለው። መካከለኛ የልብ ህመም አደጋ ያለበት ሰው ከ130 በታች እንዲሆን ይመከራል። ከፍተኛ አደጋ ላለበት ከ100 በታች። 171 «ደህና» የሚባል ቁጥር አይደለም።

አንድ ሳንቲም ሳትጨምሪ ከያዝሽው ወረቀት ላይ የሚወጣ ነገር ነው። ለምን ለእያንዳንዱ ታካሚ እንደማይነገር ሁልጊዜ ያሳዝነኛል።

የውስጥ ደዌ ሬዚደንት

ላቦራቶሪስቷ ያለችው ትክክል ነው። እኔ «ቅንጣት» የሚለውን ላስረዳ። ሳላየው ለባለቤትሽ መድኃኒት አላዝም፣ ነገሩን ግን ልትረጂው ይገባል።

ኮሌስትሮል ቅባት ነው። ደም ደግሞ ውሃማ ነው። ቅባት በውሃ ውስጥ ብቻውን አይጓዝም። ስለዚህ ጉበት በፕሮቲን ጠቅልሎ ነው የሚልከው። ጥቅሉ ሊፖፕሮቲን ይባላል። ቅንጣት የምንለው እሱን ነው። ከጉበት በሚወጣ በእያንዳንዱ የዚህ ዓይነት ቅንጣት ላይ አፖቢ የሚባል ፕሮቲን አለ። አንድ ቅንጣት ላይ አንድ አፖቢ ብቻ። ኤልዲኤል ላይ አንድ፣ ትራይግሊሰራይድ ተሸካሚው ቪኤልዲኤል ላይም አንድ። ስለዚህ አፖቢን የለካ ሰው ቅንጣቶቹን ቆጠረ ማለት ነው።

ብዛቱና መጠኑ የሚለያዩት እንዲህ ነው። 20 ሊትር ዘይት በአንድ ትልቅ ጀሪካን ሊሄድ ይችላል፣ በአራት ባለ 5 ሊትርም ሊሄድ ይችላል። ዘይቱ ያው ነው፣ ጀሪካኑ ግን አራት ሆነ። ወረቀቱ ላይ ያለው ኤልዲኤል የሚነግርሽ ሊትሩን ነው። አፖቢ የሚነግርሽ የጀሪካኑን ቁጥር ነው።

ቦርጭ፣ ከፍ ያለ ትራይግሊሰራይድ፣ ዝቅ ያለ ኤችዲኤል፣ ከፍ ማለት የጀመረ ስኳር። እነዚህ አራቱ ባንድ ላይ ሲመጡ ኢንሱሊን በደንብ እየሠራ አይደለም ማለት ነው። እንዲህ ባለ ሰው ደም ውስጥ ኤልዲኤል ቅንጣቶች ትንንሽ ይሆናሉ፣ እያንዳንዳቸው የሚይዙት ኮሌስትሮል ያንሳል። ስለዚህ ወረቀቱ 119 እያለ ቁጥራቸው ግን ብዙ ሊሆን ይችላል። የባለቤትሽ ውጤት አራቱንም አሟልቷል።

ግድግዳው ላይ ምን እንደሚሆን ደግሞ ልንገርሽ፣ ምክንያቱም ሁሉም ነገር የሚወሰነው እዚያ ነው።

የቧንቧው ውስጠኛ ሽፋን አንድ ረድፍ ህዋስ ብቻ ነው። አንድ ኤልዲኤል ቅንጣት ከ20 እስከ 25 ናኖ ሜትር ይሆናል። ከ70 ናኖ ሜትር የሚያንስ አፖቢ ያለበት ቅንጣት ይህን ሽፋን አልፎ ይገባል። የሚገባው ታምሞ ወይም ቆስሎ ስላገኘው ብቻ አይደለም፣ ጤነኛ ግድግዳም ውስጥ ይገባል፣ ይወጣል። አንዳንዱ ግን ግድግዳው ውስጥ ካሉት ፕሮቲዮግላይካን ከሚባሉ ነገሮች ጋር ይጣበቃል። እዚያው ይቀራል። ሲቆይ ይበላሻል። ያን ጊዜ ማክሮፋጅ የሚባሉ የመከላከያ ህዋሶች መጥተው ይውጡታል። እየዋጡ እየዋጡ በቅባት ተሞልተው እዚያው ይሞታሉ። ክምችቱ እያደገ ፕላክ ይሆናል።

ፕላኩ ከላይ ክዳን አለው። ክዳኑ ጠንካራ ከሆነ ሰውየው ሳያውቀው ለዓመታት ሊኖር ይችላል። ክዳኑ ስስ ከሆነና ከተቀደደ ግን ደም እዚያ ላይ ይረጋል፣ ቧንቧው በደቂቃዎች ውስጥ ይዘጋል። ድንገተኛ የልብ ህመም የምንለው ይህ ነው። ቧንቧውን ብዙ ያላጠበበ ፕላክም ሊቀደድ ይችላል። «ትናንት ደህና ነበር እኮ» የሚባለው ለዚህ ነው።

ስለዚህ ሁለት ነገር ነው የሚወስነው። ስንት ቅንጣት፣ ለስንት ዓመት። ደም ግፊት፣ ሲጋራና ስኳር ደግሞ ግድግዳውን ይጎዱና ነገሩን ያፋጥኑታል።

ቸርችል ጎዳና

ይቅርታ አድርጉልኝና እኔ አልተዋጠልኝም። ኮሌስትሮልን እኮ ሰውነታችን ራሱ ነው የሚሠራው። ሆርሞን የሚሠራው ከሱ ነው፣ የህዋስ ሽፋን የሚሠራው ከሱ ነው። አያቶቻችን ቅቤ እየጠጡ 90 ዓመት ኖረዋል። ጥፋተኛው ስኳርና የፋብሪካ ምግብ ነው። በዚያ ላይ በልብ ህመም ሆስፒታል ከሚገቡት ብዙዎቹ ኮሌስትሮላቸው «ኖርማል» ነው ይባላል። ታዲያ ምኑን ነው የምትከሱት?

ጡረተኛው ከአራት ኪሎ

ልጆች፣ እኔ ሳይንሱን ለናንተ ልተወው። የደረሰብኝን ልንገራችሁ።

ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ በእግሬ መሄድ ልማዴ ነበር። ራስ መኮንን ድልድይን አልፌ ዳገቱን ስጀምር ደረቴን ጨምድዶ ይይዘኝ ጀመር። ቆም ስል ይለቀኛል። እንደገና ስሄድ ይይዘኛል። ጨጓራ ነው ተባልኩ። የጨጓራ ኪኒን ወሰድኩ። በርበሬ ተውኩ፣ ቡና ተውኩ። ኢሲጂ (የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ) ተነሳሁ፣ ደህና ነው። ኢኮ ተነሳሁ፣ «ልብህ እንደ ወጣት ልብ ነው» ተባልኩ። በመጨረሻ አንድ ሐኪም «ዳገት ላይ ይዞህ ስትቆም የሚለቅ ከሆነ ይህ የልብ ቧንቧ ነው» ብሎ ቧንቧዎቼን በቀለም አሳየኝ። ሁለቱ ጠበው ነበር። ቧንቧውን ከፍቶ የሚይዝ ስቴንት ገባልኝ።

ኤልዲኤሌ ያን ጊዜ 125 ነበር። ማንም ከፍ አለ ብሎኝ አያውቅም።

እና ቸርችል ጎዳና ልጄ፣ አያቶቻችንን ማንም መርምሯቸው አያውቅም። በምን እንደሞቱም አልተጻፈም። ያረፈ ሰው ሁሉ «ታሞ ሞተ» ነበር የሚባለው።

የውስጥ ደዌ ሬዚደንት

ጋሼ፣ ይህን ስለጻፉ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ለሁሉም ሰው እንዲደርስ አንድ ነገር ልጨምርበት። ኢኮ የሚያየው የልብን ጡንቻና በሮች ነው። የልብ ቧንቧ ውስጥ ያለ ፕላክን አያሳይም። በእረፍት ላይ የተነሳ ኢሲጂም ንጹሕ ሆኖ ቧንቧው ጠቦ ሊሆን ይችላል። «ኢኮ ተነሳሁ፣ ልቤ ነፃ ነው» ብሎ ስለ ቧንቧው መርሳት በጣም የተለመደ ነው፣ አደገኛም ነው።

እግረ መንገዴን፦ የደረት ህመሙ በእረፍት ላይም ከመጣና ካልለቀቀ፣ ላብ ካለው፣ ወደ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ ከሄደ፣ ሚልክ ኦፍ ማግኒዥያ እየጠጡ አይጠበቅም። ወዲያው 907 ደውሉ ወይም ባገኛችሁት መኪና ድንገተኛ ክፍል ድረሱ። የአስፕሪን አለርጂ ወይም ደም መፍሰስ የሌለበት ሰው 300 ሚሊግራም አስፕሪን ያኝክ። የሚሞተው የልብ ጡንቻ በእያንዳንዱ ደቂቃ ይጨምራል።

አሁን ወደ ቸርችል ጎዳና። ወንድሜ፣ ያነሳኸው ነገር መልስ ይገባዋል፣ በደንብ ልመልስልህ።

ሰውነት ኮሌስትሮል ይፈልጋል፣ አዎ። ግን ህዋሶቻችን የሚበቃቸውን ራሳቸው ይሠራሉ። አዲስ የተወለደ ሕፃን ኤልዲኤሉ አብዛኛውን ጊዜ ከ50 በታች ነው። በዚያ ቁጥር አንጎሉም ሰውነቱም ያድጋል።

ኤልዲኤል ቅንጣት ከደም የሚወጣው በጉበት ላይ ባሉ ተቀባዮች ነው። ይህን ያገኙት ብራውንና ጎልድስታይን በ1985 እ.ኤ.አ. ኖቤል ተሸልመዋል። ተቀባዩ ከሁለቱም ወላጆች ተበላሽቶ የሚወለድ ልጅ አለ። ቅንጣቶቹ ደሙ ውስጥ ይከማቻሉ። ካልታከመ በልጅነቱ ወይም በአፍላ ዕድሜው በልብ ቧንቧ መዘጋት ሊታመም ይችላል። ይህ ልጅ አያጨስም፣ ስኳር የለበትም፣ ቦርጭ የለውም። ያለው ቅንጣት ብቻ ነው።

በሌላ በኩል ደግሞ ተቃራኒው አለ። ፒሲኤስኬ9 የሚባል ጂን በተፈጥሮ የማይሠራላቸው ሰዎች አሉ። በ2006 እ.ኤ.አ. የታተመ የአሜሪካ ጥናት ላይ ከጥቁር አሜሪካውያን ተሳታፊዎች 2.6 በመቶው እንዲህ ነበሩ። ኤልዲኤላቸው ከሌሎቹ በ28 በመቶ ነው ያነሰው። ለ15 ዓመት ሲከታተሏቸው ግን የልብ ቧንቧ በሽታቸው በ88 በመቶ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ከመካከላቸው የሚያጨሱም፣ ደም ግፊት ያለባቸውም ብዙ ነበሩ። 28 በመቶ ቅናሽ ይህን ሁሉ የሠራው ከተወለዱ ጀምሮ ስለነበረ ነው። ለኔ ከሁሉም ጥናት የሚበልጥብኝ ይህ ነው።

«ኖርማል» የሚለው ቃል ላይ ልክ ነህ፣ ያሳስታል። ወረቀቱ ላይ ያለው ኖርማል ከብዙ ሰው ጋር ሲነጻጸር ማለት ነው። ብዙ ሰው ደግሞ ፕላክ አለው። በተጨማሪም አንድ ሰው ድንገት በልቡ ሲታመም ኤልዲኤሉ በዚያው ሰሞን ይወርዳል፣ አንዳንዱም ቀድሞ መድኃኒት ላይ ነው። የጋሼ 125 ለብዙ ዓመት የቆየ 125 ነው።

ስኳርን በተመለከተ አንከራከርም። ስኳርና የተፈተገ ዱቄት ትራይግሊሰራይድን ያወጣሉ፣ ቅንጣት ያበዛሉ። ቅቤውም ስኳሩም የሚገናኙት አንድ ቦታ ላይ ነው፣ አፖቢ ላይ።

ቸርችል ጎዳና

እሺ ዶክተር፣ የልጆቹ ነገር አሳማኝ ነው። ግን ኤችዲኤልስ? «ጥሩው ኮሌስትሮል» ከፍ ካለ መጥፎውን ያጥባል ይባል የለ? የኔ 70 ነው፣ በሱ ነበር የምኮራው።

ላቦራቶሪስቷ

ብዙ ደንበኛ ይህን ይጠይቀኛል። ዝቅ ያለ ኤችዲኤል መጥፎ ምልክት ነው፣ ብዙ ጊዜ ከትራይግሊሰራይድ ጋር አብሮ ይመጣል። ከፍ ያለ ኤችዲኤል ግን ዋስትና አይደለም። ኤችዲኤልን በጣም ከፍ የሚያደርግ ቶርሴትራፒብ የተባለ መድኃኒት ነበር። የሚወስዱት ሰዎች ሞት ስለጨመረ በ2006 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጥናቱ ተቋረጠ። ከዚያ በኋላ የመጡትም ኤችዲኤልን ከፍ በማድረጋቸው ብቻ ልብ አላዳኑም። 70ህን ተወውና ጠቅላላህ ላይ ቀንሰው። የሚተርፈውን ተመልከት።

በያይነቱ ስታዲየም

እኔ የጾም ምግብ ቤት አለኝ። ደንበኞቼ «የጾም ስለሆነ ለልብ ጥሩ ነው» እያሉ ነው የሚመጡት። እኔም ደስ ይለኛል። ግን የምንጠቀመው ዘይት የሚረጋው ነው፣ ዋጋው ስለሚሻል። ይጎዳል ወይ? ሰው እያበላሁ መጉዳት አልፈልግም፣ እውነቱን ንገሩኝ።

ላቦራቶሪስቷ

እንዲህ ብለሽ መጠየቅሽ ራሱ ትልቅ ነገር ነው እህቴ።

የሚረጋው ዘይት ፓልም ነው። ግማሽ ያህሉ ሳቹሬትድ (የሚረጋ ዓይነት) ቅባት ነው። ቅቤ ደግሞ ከዚያም ይበልጣል። ሳቹሬትድ ቅባት ሲበዛ ዶክተሩ ያላቸው የጉበት ተቀባዮች ይቀንሳሉ። ተቀባይ ሲቀንስ ቅንጣት ደም ውስጥ ብዙ ይቆያል። የሱፍ ዘይትና የኑግ ዘይት አብዛኛው ክፍላቸው ያልረጋ ቅባት ነው፣ እነሱ ይሻላሉ። ሙሉ በሙሉ መቀየር ካቃተሽ ዘይቱን ቀንሺ። በያይነቱ ላይ የሚንሳፈፈው ዘይት ጣዕም አይጨምርም፣ ደንበኛ ለምዶት ነው እንጂ። አንዴ የተጠበሰበትን ዘይት መልሶ መላልሶ መጠቀምንም ተዪ።

የጾም ምግብ ራሱ ግን ጥሩ ነው። ሽሮ፣ ምስር፣ ክክ፣ ጎመን፣ ባቄላ። ቅቤ የለ፣ ሥጋ የለ። ግሪክ ውስጥ ቀርጤስ ደሴት ላይ የሚጾሙ ኦርቶዶክሳውያንን ያጠኑ ሰዎች በ2003 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ላይ በጾሙ መጨረሻ ኤልዲኤላቸው ወርዶ ነው ያገኙት። እኛ ጋ ጾሙን የሚያበላሸው ሌላ ነገር ነው። ሳምቡሳው፣ ቦንቦሊኖው፣ ፓስቲው፣ ከዚያ ላይ ለስላሳው። ፋሲካ ሲመጣ ደግሞ ሳምንቱን ሙሉ ክትፎና ዶሮ።

ጠዋት ጠዋት ገብስ ቢኖርሽ ደስ ይለኛል። በሶ፣ ቆሎ፣ የገብስ ገንፎ ያለ ቅቤ። ገብስና አጃ ቤታ ግሉካን የሚባል አሰር አላቸው። በቀን 3 ግራም ያህሉ ኤልዲኤልን በመጠኑ ይቀንሳል። ተልባም ይረዳል። ተዓምር አይሠሩም፣ ግን በየቀኑ የሚበሉ ነገሮች ናቸው።

ሰባራ ባቡር፣ ነጭ ሽንኩርቱን ጠጣ፣ ችግር የለውም። ግን 171ን ወደ 100 አያወርደውም።

ሰባራ ባቡር

ገባኝ። እንቁላልና ቡናስ? እኔ ቡና በቀን ሦስት ጊዜ ነው፣ አቦል ቶና በረካ።

የውስጥ ደዌ ሬዚደንት

እንቁላል፦ በምግብ የሚገባ ኮሌስትሮል በብዙ ሰው ላይ ደም ውስጥ ያለውን የሚለውጠው በትንሹ ነው። የምትጠብሰው በምን ያህል ቅቤ እንደሆነ ይበልጥ አስብበት። ስኳር ወይም የልብ ህመም ያለበት ሰው ግን ያሳንስ።

ቡና፦ ይህን ብዙ ሰው አያውቀውም። ቡና ውስጥ ካፌስቶል የሚባል ቅባት አለ። ኤልዲኤልን ከፍ ያደርጋል። የወረቀት ማጣሪያ ያስቀረዋል። የጀበና ቡና ግን የሚፈላ ነው፣ በወረቀት አይጣራም። አንድ ሁለት ስኒ የሚወራ ነገር አይደለም። ኤልዲኤሉ አልወርድ ያለው ሰው ግን ቀኑን ሙሉ የጀበና ቡና የሚጠጣ ከሆነ ይህን ማሰብ አለበት። ጀበናው እንዲያርፍ፣ አተላው እንዲወርድ ጊዜ ስጡት። ስኳሩንም ቀንሱ።

ጫትም ካነሳን አይቀር፦ የመን ውስጥ የተሠሩ ጥናቶች ጫት መቃምን ከድንገተኛ የልብ ህመም ጋር አያይዘውታል። ኮሌስትሮሉ ደህና የሆነ ቃሚም ነፃ አይደለም።

ሜክሲኮ አደባባይ

ስለ መድኃኒቱ ማንም አላወራም። እናቴ አቶርቫስታቲን ታዞላት አልወስድም ብላለች። ጎረቤት «ጉበት ይጨርሳል፣ ጡንቻ ይበላል፣ አንዴ ከጀመርሽ እስከ ሞት ነው» አለቻት። እናቴ ስኳር አለባት፣ 63 ዓመቷ ነው። ምን ብዬ ላሳምናት?

የውስጥ ደዌ ሬዚደንት

ጎረቤቷን አትቆጣት፣ ፍርሃቱ በሁሉም ቤት አለ። እናትህን ግን ቁጭ ብለህ አስረዳት፣ ምክንያቱም ስኳር ያለባት የ63 ዓመት ሴት ከዚህ መድኃኒት በጣም ከሚጠቀሙት ውስጥ ናት።

አቶርቫስታቲን ስታቲን ከሚባሉት መድኃኒቶች አንዱ ነው። ስታቲን ከሻጋታ ነው የተገኘው። አኪራ ኤንዶ የተባለ ጃፓናዊ ተመራማሪ ነው በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ያገኘው። ጉበት ኮሌስትሮል ሲሠራ ያስቀንሰዋል። ጉበቱ ያጠረውን ለማግኘት ብዙ ተቀባይ ያወጣል፣ ቅንጣቶቹን ከደም ይሰበስባል። በ1994 እ.ኤ.አ. በ4,444 ሰዎች ላይ የተሠራ የሰሜን አውሮፓ ጥናት ልባቸውን የታመሙ ሰዎች ላይ ሞትን በ30 በመቶ ቀንሷል። ከዚያ በኋላ ብዙ ጥናቶች ተደምረው ሲታዩ ኤልዲኤል በ39 ሚሊግራም ገደማ በወረደ ቁጥር ከባድ የልብና የስትሮክ አደጋ በአንድ አምስተኛ ያህል ይቀንሳል።

ጡንቻ፦ የሚያማቸው ሰዎች አሉ። ግን በ2020 እ.ኤ.አ. የወጣ አንድ ጥናት አለ። ስታቲን አሞን ተውነው ያሉ ሰዎችን ሰበሰቡ። አንድ ወር ስታቲን፣ አንድ ወር ምንም የሌለው ባዶ ኪኒን፣ አንድ ወር ደግሞ ምንም ኪኒን ሳይሰጧቸው እያፈራረቁ ተከታተሏቸው። ከህመሙ 90 በመቶው ባዶውን ኪኒን ሲወስዱም ነበር። ህመሙ እውነት ነው፣ ያማቸዋል። መነሻው ግን ብዙ ጊዜ ኪኒኑ አልነበረም። ከባድ የጡንቻ መጎዳት ብርቅ ነው። ጡንቻዋን ክፉኛ ካመማትና ሽንቷ ከጠቆረ ወዲያው ሐኪም ትይ።

ጉበት፦ ከመጀመሯ በፊት ምርመራ ይሠራላታል። ከባድ ጉዳት እጅግ ብርቅ ነው። ስኳርን በትንሹ ከፍ ሊያደርግ ይችላል፣ ግን ልብን በማዳን የሚሰጠው ጥቅም ይበልጣል። ነፍሰ ጡር ወይም ለመውለድ ያሰበች ሴት ግን ከሐኪሟ ጋር ሳትነጋገር አትውሰደው።

«እስከ ሞት ነው» የሚለው ላይ፦ አዎ፣ ብዙ ጊዜ ይቀጥላል። የደም ግፊት ኪኒንም እንዲሁ ነው። ያቆመ ሰው ቅንጣቶቹ በሳምንታት ውስጥ ይመለሳሉ። ሌላ ሱስ የለበትም።

አንድ የማይነገር ነገር፦ መጠኑን እጥፍ ማድረግ ኤልዲኤልን ተጨማሪ 6 በመቶ ያህል ብቻ ነው የሚያወርደው። ስለዚህ ከፍ ያለ መጠን ካስቸገራት አትተወው፣ ያነሰ መጠን ወይም ሌላ ዓይነት ስታቲን ይሞከርላት። ኢዜቲሚብ የሚባል ሌላ መድኃኒትም አለ።

ሜክሲኮ አደባባይ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ዶክተር። ዛሬ ማታ እነግራታለሁ። ዋጋው ግን ይከብዳታል።

ጡረተኛው ከአራት ኪሎ

ልጄ፣ ከነማ ፋርማሲዎችን ጠይቅ። የከተማው ናቸው፣ እኔ ብዙ ጊዜ ከነሱ ነው የምገዛው። ማዘዣው ላይ የመድኃኒቱ ስም ይጻፍልህ፣ የፋብሪካው ስም አይደለም። ያን ጊዜ በርካሹ ያለውን ይሰጡሃል።

የእሪ በከንቱ ልጅ

ሁላችሁንም አነበብኳችሁ። ለባለቤቴም አንድ በአንድ አነበብኩለት። 205 ሲቀነስ 34 ብሎ ራሱ በስልኩ አሰላ፣ ዝም አለ። ነገ ቀጠሮ እናስይዝ ብሎኛል። ሐኪም ጋ ስንሄድ ምን ብለን እንጠይቅ?

የውስጥ ደዌ ሬዚደንት

መጀመሪያ የአባቱን ነገር ንገሩ። ወንድ ከ55 በፊት፣ ሴት ከ65 በፊት በልብ ቧንቧ ከታመሙ ወይም ካረፉ ሐኪሙ የሚያስበው ነገር ሁሉ ይለወጣል። ሰው ይህን ሳይጠየቅ አይናገርም። እናንተ ተናገሩ።

ከዚያ ኤችቢኤዋንሲ የሚባለውን የሦስት ወር ስኳር ይለኩት። 112 ገና ስኳር በሽታ አይደለም፣ ግን መንገዱ ላይ ነው። ግፊቱን ደግሞ በተለያየ ቀን፣ ተቀምጦ አርፎ ይለካ። አንዴ የተለካ አይበቃም።

አፖቢ ይሠራ እንደሆነ ላቦራቶሪው ጋ ከመሄዳችሁ በፊት ደውላችሁ ጠይቁ። ካልተገኘ አትጨነቁ፣ ኖን-ኤችዲኤል ብዙውን ሥራ ይሠራል። ከተገኘ ከፍተኛ አደጋ ላለበት ሰው ከ80 በታች፣ ልቡን አንዴ ለታመመ ከ65 በታች ነው የሚፈለገው።

ሊፖፕሮቲን ኤ የሚባል አንድ ምርመራ ደግሞ አለ፣ በዕድሜ አንዴ ይበቃል። ይህ ኤልዲኤል የሚመስል ነገር ግን ተጨማሪ ፕሮቲን የተጠመጠመበት ቅንጣት ነው። መጠኑን አብዛኛውን የሚወስነው የዘር ውርስ ነው። ምግብም ስፖርትም ብዙ አይለውጠውም። ዘራቸው ከአፍሪካ የሆነ ሰዎች ላይ በአማካይ ከፍ ብሎ ይገኛል። አባቱ በ52 ዓመታቸው ካረፉ እሱን መለካት ምክንያት አለው። ከፍ ካለ ልጆቻችሁም ቆይተው መመርመር አለባቸው።

መድኃኒት ይጀምር አይጀምር ሐኪሙ እሱን አይቶ ይወስን። የኔን አስተያየት ከጠየቅሽኝ፣ በዚህ ቤተሰብ ታሪክና በዚህ ወረቀት ላይ «ቅባት ይቀንስ» ብቻ ብዬ አልሸኘውም ነበር።

እስከዚያው ግን ይራመድ። ለገሃር ነው የሚሠራው ካልሽ፣ ማታ በቸርችል ጎዳና እስከ ፒያሳ ዳገት ነው፣ የእግረኛ መንገዱም አሁን ሰፊ ነው። ታክሲውን ይተወው። ደረቱን የሚጨመድደው ከሆነ ግን ቆሞ፣ ጋሼ የነገሩንን አስታውሶ፣ በዚያው ቀን ይታይ። ለስላሳና ቢራ ይቀንስ፣ ትራይግሊሰራይዱ ቶሎ ነው የሚወርደው። ከ6 እስከ 12 ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ተመልሶ ይለካ።

በያይነቱ ስታዲየም

እኔም ላሳውቃችሁ። ከዛሬ ጀምሮ ምስሩንና ሽሮውን በሱፍ ነው የምሠራው። ለጥብሱ ገና ነኝ፣ ዋጋውን እያሰላሁ ነው።

አዲስ ገቢ

ይቅርታ ዘግይቼ ነው የመጣሁት። እህቴ ዱባይ ነው ያለችው፣ ውጤቷን ልካልኝ ኤልዲኤል 3.4፣ ትራይግሊሰራይድ 1.5 ይላል። ከናንተ ቁጥር ጋር አይመሳሰልም። በጣም ዝቅ ያለ ነው?

ላቦራቶሪስቷ

አይደለም፣ መለኪያው ነው የተለየው። እዚያ በሚሊሞል ነው የሚጽፉት፣ እኛ በሚሊግራም። ኤልዲኤሉን፣ ኤችዲኤሉንና ጠቅላላውን በ38.67 አባዢ። 3.4 ማለት 131 ገደማ ነው። ትራይግሊሰራይዱን ግን በ88.5 ነው፣ 1.5 ማለት 133 ገደማ። ጠቅላላውንና ኤችዲኤሉን ላኪልኝ፣ ኖን-ኤችዲኤሉን አብረን እናወጣለን። ዕድሜዋንም ጻፊልኝ፣ ስኳርና ግፊት እንዳለባት፣ ቤተሰብ ውስጥም የታመመ ሰው እንዳለ።